ማንም ያልጠየቀውን መጠየቅ
ሥርዓተ ፆታ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች፦ ምን ያስተምራል? ምንስ ለወጠ?

መምህሯ ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ለሁለት ይከፍሉታል። በአንዱ ወገን «ባል»፣ በሌላው «ሚስት» ብለው ይጽፉና ወደ ተማሪዎቹ ይዞራሉ። «ገጠር ያደጋችሁ ንገሩኝ። ዶሮ ሲጮኽ ማን ይነሳል?»

«ሚስት!» ይላል ክፍሉ።

ምን ልታደርግ? እሳት ልታያይዝ፣ ውሃ ልትቀዳ፣ በረት ልትጠርግ። ባልስ? ጎህ ሲቀድ ይነሳል፣ በሬዎቹን ያወጣል፣ ቁርሱን ቀምሶ ወደ እርሻው ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ያለው ቀን ሲዘረዘር የሚስት ወገን በፍጥነት መሙላት ይጀምራል። ጤፍ ማበጠር፣ እንጨት መልቀም፣ ምሳ ወደ ማሳ ማድረስ፣ እዚያው ደርሶ አብሮ ማረም፣ ሕፃን ማጥባት፣ አማት ማስታመም፣ ለዕድርተኛው እንጀራ መጋገር። ማታ ባል ከእርሻ ገብቶ አረፍ ሲል ሚስት የእግር ውሃ ታሞቃለች። እራት ቀርቦ፣ ተበልቶ፣ ዕቃው ታጥቦ፣ ለነገ የሚቦካው ተቦክቶ ሲያልቅ ሰሌዳው ላይ መጻፊያ ቦታ ይጠፋል።

መምህሯ ጠመኔውን አስቀምጠው የመጨረሻውን ጥያቄ ያቀርባሉ። «አሁን አንድ መዝጋቢ ወደዚህ ቤት መጥቶ ባልን 'ሚስትህ ሥራዋ ምንድን ነው?' ብሎ ቢጠይቅ ምን ይመልሳል?» ክፍሉ መልሱን ያውቀዋል። ብዙዎቹ በገዛ ቤታቸው ሲባል የሰሙት ነው፦ «ሥራ የላትም፤ ቤት ነው የምትውል።»

ይህ መልመጃ የ24 ሰዓት የሥራ ሠንጠረዥ ይባላል። የሥርዓተ ፆታ መምህራን በየክፍሉ ይሠሩበታል፤ የልማት ሠራተኞችም ወደ ገጠር ሲወርዱ ይዘውት ይሄዳሉ። ከሠንጠረዡ በስተጀርባ ያለው ሐሳብ እንዲህ ነው። የልማት ተመራማሪዋ ካሮላይን ሞሰር የሴቶችን ሥራ በሦስት ከፍላ አሳይታለች። አንደኛው ለገበያም ሆነ ለቤት ፍጆታ ማምረት ነው። ሁለተኛው ወልዶ፣ አጥብቶ፣ አብልቶና አስታሞ ቤተሰቡን ማኖር ነው። ሦስተኛው በለቅሶ፣ በሠርግና በሰፈር ጉዳይ የሚሸከሙት ማኅበራዊ ኃላፊነት ነው። ኢኮኖሚስቱ የሚቆጥረው በአብዛኛው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። የኢትዮጵያ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በአገር አቀፍ ደረጃ ሰዎች ጊዜያቸውን በምን እንደሚያሳልፉ ለመጀመሪያ ጊዜ የጠየቀው በ2005 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ ውሃ ቀድታ፣ ፈጭታና ጋግራ አገር ያኖረችው ሴት ድካም በሰዓት የተለካበት አገራዊ መዝገብ አልነበረም።

ያልተጠየቀ ነገር አይቆጠርም። ያልተቆጠረ ነገር ደግሞ በጀት አይያዝለትም፣ ሕግም አይወጣለትም። ሥርዓተ ፆታን በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ማጥናት ምን ይረባል ለሚል ሰው የማቀርበው መልስ ከዚህ ይነሳል። ይህ የትምህርት ዘርፍ ትልቁ ሥራው ማንም ያልጠየቀውን ጥያቄ በሥርዓት መጠየቅ ነው። በአገራችን እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች በተጠየቁ ቁጥር የሰው ሕይወት ተለውጧል።

ከሚኒ ቀሚስ ጠብ እስከ ምርምር ማዕከል

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ሴት ተማሪዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ልጃገረዶችን ለከፍተኛ ትምህርት የሚያበቁ ትምህርት ቤቶችም ጥቂት ነበሩ፤ ከእነሱ ዋናው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ሲሆን ስንዱ ገብሩ መርተውታል። ስንዱ ኋላ በሕዝብ ተመርጠው ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆኑ።

ዩኒቨርሲቲው ግን ስለ ሴቶች የሚያስብበት ቋንቋ ገና አልነበረውም። ይህን ከምንም በላይ የሚያሳየው በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በስድስት ኪሎ የተከሰተው ነው። በግቢው የፋሽን ትርኢት ተዘጋጀ። ተራማጅ ነን ያሉ ወንድ ተማሪዎች ትርኢቱንና የጊዜውን ሚኒ ቀሚስ የባህል ወረራ ነው ብለው ተቃወሙ። ተቃውሞው በቃል አላበቃም። ታዳሚዎች ተዋከቡ፣ ሴቶች ተመቱ፣ ፖሊስ ገባ፣ ዩኒቨርሲቲውም ተዘጋ። መሬት ላራሹ ብሎ ስለ ጭሰኛው መብት የጮኸ ትውልድ፣ ጓደኛው የምትለብሰውን የመምረጥ መብት እንዳላት ለማየት ተቸገረ። ዛሬ የሥርዓተ ፆታ ተማሪ ይህን ታሪክ ሲያነብ የሚጠይቀው ማን ትክክል ነበር የሚለውን ብቻ አይደለም። አገር ከባዕድ ተጽዕኖ ትጠበቅ ሲባል ለምን መጀመሪያ የሚፈተሸው የሴት አለባበስ ሆነ? የወንዶቹ ሱሪና ኮትስ ከየት የመጣ ነበር?

ሴት ተማሪዎች ከዚያው ንቅናቄ ውስጥ ሆነው የራሳቸውን ጥያቄ ማንሳት ቀጠሉ። የሕክምና ተማሪዋ ማርታ መብራህቱ በኅዳር 1965 ዓ.ም. በተሳተፈችበትና በከሸፈው የአውሮፕላን ጠለፋ ሕይወቷ አለፈ፤ ስሟ እስከ ዛሬ በዚያ ትውልድ ሴቶች ዘንድ ይነሳል። የሴቶች ጥያቄ በዚያ ዘመን የመደብ ትግሉ ቅርንጫፍ ተደርጎ ይታይ ነበር፤ ሶሻሊዝም ሲመጣ አብሮ ይፈታል ተባለ። ሶሻሊዝም መጣ፣ ሴቶች በማኅበር ተደራጁ፣ ማጀቱ ግን እዚያው ቆየ።

በሌላው ዓለም ጉዳዩ የራሱ የጥናት ዘርፍ መሆን ጀምሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 በካሊፎርኒያ የሳንዲያጎ ስቴት ኮሌጅ የሴቶች ጥናት መርሐ ግብር ከፈተ፤ በአሜሪካ በይፋ የጸደቀ የመጀመሪያው ተብሎ ይጠቀሳል። አፍሪካውያት ምሁራንም ወዲያው የራሳቸውን መንገድ ያዙ። እ.ኤ.አ. በ1977 የአፍሪካ ሴቶች የምርምርና የልማት ማኅበር መቀመጫውን ዳካር አድርጎ ተመሠረተ፤ ከመሥራቾቹ አንዷ ኢትዮጵያዊቷ ዘነበወርቅ ታደሰ ናቸው። ማኅበሩ ገና ከጅምሩ የያዘው አቋም ግልጽ ነበር፦ ስለ አፍሪካ ሴቶች የሚጻፈውን ለሌሎች ትተን አንቀመጥም፤ ጥያቄውን እኛው እንቀርጸዋለን።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኢትዮጵያ የፆታ ጉዳዮች ላይ ያተኮረ የመጀመሪያው ሴሚናር በታኅሣሥ 1982 ዓ.ም. ተካሄደ። ጥናቶቹን የታሪክና የአንትሮፖሎጂ ምሁሯ ፀሐይ ብርሃነ ሥላሴ አርትዕ አድርገው በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በኩል ለኅትመት አበቁ። ብዙም ሳይቆይ በልማት ምርምር ተቋም ሥር ሴቶችን በልማት የሚመለከት የምርምር፣ የሥልጠናና የመረጃ ማዕከል ተቋቋመ። በ1990ዎቹ ማብቂያ ደግሞ ሥርዓተ ፆታ ራሱን ችሎ በማስተርስ ደረጃ መሰጠት ጀመረ። ኋላም ትምህርቱ በዩኒቨርሲቲው የልማት ጥናት ኮሌጅ ውስጥ ቦታ አገኘ። ባሕር ዳርን የመሳሰሉ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም በመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ተቀብለዋል።

ቡታጅራ፦ እንዴት ይጠየቃል?

ተማሪዎች በንድፈ ሐሳብ ክፍል ከሚማሩት ይልቅ ብዙውን ጊዜ የሚያስደነግጣቸው የምርምር ዘዴ ኮርሱ ነው። ለዚህ ከቡታጅራ የተሻለ ምሳሌ የለም።

ቡታጅራ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ የምትገኝ ከተማ ናት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ምሁራን ከስዊድን ባልደረቦቻቸው ጋር በዚያ አካባቢ ለረጅም ዓመታት የሕዝቡን ጤና ሲከታተሉ ኖረዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በልዩ ልዩ አገሮች በሴቶች ላይ የሚደርሰውን ጥቃት ሲያስጠና ኢትዮጵያን የወከለው ይህ አካባቢ ነው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ይፋ ሲሆን ከተጠኑት ቦታዎች ሁሉ ከፍተኛው ቁጥር የተመዘገበው በቡታጅራ ሆነ። ባል ወይም የትዳር አጋር ከነበራቸው ሴቶች መካከል 71 በመቶ ያህሉ በሕይወት ዘመናቸው ከአጋራቸው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል።

ተማሪዎቹ መጀመሪያ ቁጥሩን አይተው ይደነግጣሉ። ቀጥሎ የሚማሩት ቁጥሩ እንዴት እንደተገኘ ነው። ጠያቂዎቹ ሁሉ ሴቶች ነበሩ፤ ለሥራውም በልዩ ሁኔታ ሠልጥነዋል። ከአንድ ቤት አንዲት ሴት ብቻ ትጠየቃለች፤ ሌላው የቤቱ ሰው ምን እንደተጠየቀ እንዳያውቅና በእሷ ላይ መዘዝ እንዳይመጣ። ጥናቱ ለአካባቢው ሰው የተገለጸው የሴቶች ጤና ጥናት ተብሎ ነው። ባል በድንገት ከገባ ጠያቂዋ ወሬውን ወደ ሌላ ርዕስ ታዞራለች። ከሁሉ በላይ ደግሞ ማንም ሴት «ጥቃት ደርሶብሻል?» ተብላ አልተጠየቀችም። በጥፊ መትቶሽ ያውቃል? ገፍትሮሽ ያውቃል? ረግጦሽስ? አንቆሽስ? እየተባለ ድርጊቱ አንድ በአንድ ተዘረዘረ። ምክንያቱም ባሏ በጥፊ የመታት ሴት ብዙ ጊዜ ነገሩን ጥቃት ብላ አትጠራውም፤ የትዳር ወግ ነው ብላ ተቀብላዋለች።

ይህን የሚያጠናክር ሌላ ማስረጃ አለ። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ፣ ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ የሚሆንበት ቢያንስ አንድ ምክንያት አለ ያሉት ሴቶች 63 በመቶ ሲሆኑ ወንዶቹ ግን 28 በመቶ ናቸው። ወጥ ማሳረር፣ ሳይነግሩ መውጣት፣ ልጅን ችላ ማለት ከቀረቡት ምክንያቶች መካከል ነበሩ። ከተመታው ሰው ይልቅ የሚመታው ወገን ዱላውን ሲነቅፍ ማየት ግር ያሰኛል። የሥርዓተ ፆታ ትምህርት ግን እዚህ ላይ ቆም ብሎ ያስረዳል። ልጅቷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ መልካም ሚስት ማለት የምትችልና የማትናገር ናት እየተባለች አድጋለች። ባህልን የሚያስተላልፉት ተጠቃሚዎቹ ብቻ አይደሉም፤ እናትም ለልጇ ታወርሰዋለች፤ ብዙ ጊዜም ልጇን ከባሰ ነገር ለመጠበቅ ብላ።

ያው የ2008ቱ ዳሰሳ የቤት ውስጥ ጥቃትን የሚመለከት ክፍል ያካተተ የመጀመሪያው አገራዊ ዳሰሳ ነው። ካገቡ ወይም አግብተው ከነበሩ ሴቶች 34 በመቶ ያህሉ ከባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። በቡታጅራው 71 እና በዚህ 34 መካከል ያለውን ልዩነት ተማሪዎች በክፍል ይከራከሩበታል። አንዱ የአንድ አካባቢ፣ ሌላው የመላ አገሪቱ ነው። አንዱ ጥናት ሙሉ በሙሉ ለዚህ ጉዳይ የተዘጋጀ ነው፤ በሌላው ግን ጥያቄው በረጅም ቃለ መጠይቅ መሐል ይመጣል። እንዲህ ያለ ክርክር ለወደፊት ዳኛ፣ ለወደፊት ጋዜጠኛና ለወደፊት የቢሮ ኃላፊ ከሚሰጡ ትምህርቶች ሁሉ የላቀ ነው ብዬ አምናለሁ። ቁጥር ይዞ የሚመጣ ሰው ሲገጥማቸው «ማንን፣ የት፣ እንዴት ጠይቀህ?» ማለትን ይለምዳሉ።

ይህ ችሎታ ምን ያህል ከባድ ኃላፊነት እንደሆነ የሰሜኑ ጦርነት አሳይቶናል። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንና የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ቢሮ በ2014 ዓ.ም. ባወጡት የጋራ ሪፖርት፣ የጦርነቱ ተሳታፊ ወገኖች ሁሉ ወሲባዊ ጥቃት መፈጸማቸውን ለማመን የሚያበቃ ምክንያት እንዳለ ገልጸዋል። የተደፈረችን ሴት ቁስሏን ሳይቀሰቅሱ መስማት፣ ምስጢሯን መጠበቅና ቃሏ ፍርድ ቤት እንዲቆም አድርጎ መመዝገብ ሥልጠና የሚጠይቅ ሙያ ነው። በቅንነት ብቻ አይሠራም።

ከወረቀት ወደ ሕግ

«ጥናት ምን ይለውጣል?» የሚል ሰው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግን ያንብብ። በዚያ ሕግ የቤተሰቡ ራስ ባል ነው፤ ሚስት ትታዘዘዋለች። ወንድ በ18 ዓመቱ፣ ሴት በ15 ዓመቷ ማግባት ይችላሉ። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ጠላፊ የጠለፋትን ልጅ በሕጋዊ ጋብቻ ካገባት ክሱ እንዲቀር ይፈቅድ ነበር። ጠልፎ፣ ደፍሮ፣ ሽማግሌ ልኮ የታረቀ ሰው ነጻ ይሆን ነበር።

አበራሽ በቀለ የ14 ዓመት ልጅ ሳለች በአርሲ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች። ለማምለጥ ስትሞክር ጠላፊዋን ተኩሳ ገደለችውና በነፍስ ማጥፋት ተከሰሰች። ጉዳዩን የያዘው በ1987 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነው። ልጅቷ ራሷን ስትከላከል መሆኑ ታምኖ በነጻ ተሰናበተች። ታሪኩ ኋላ «ድፍረት» በተሰኘው ፊልም ለዓለም ደረሰ። ማኅበሩን ከመሠረቱት አንዷ የሆኑት መዓዛ አሸናፊ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆኑ።

የማኅበሩ ጠበቆች በየፍርድ ቤቱ ሲሟገቱ፣ ከመዝገቦቹ የተገኘውን ደግሞ ያጠኑና ለሕግ አውጪው ያቀርቡ ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 የሴቶችን እኩልነት ደንግጓል፤ የቀሩት ሕጎች ግን አሮጌዎቹ ነበሩ። ክርክሩና ሰላማዊ ሰልፉ ፍሬ አፍርቶ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወጣ። የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18 ሆነ፤ ባልና ሚስት ቤታቸውን በእኩልነት የሚያስተዳድሩ ሆኑ። በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ደግሞ ጠላፊ በጋብቻ ከቅጣት የሚያመልጥበት በር ተዘጋ።

የቤተሰብ ሕጉን ማሻሻያ ቀድመው ተግባራዊ ያደረጉ አካባቢዎችን ከዘገዩት ጋር ያነጻጸሩ የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች አንድ ነገር አስተዋሉ። ሕጉ በተሻሻለባቸው አካባቢዎች ከቤት ውጭ የሚሠሩና የሙሉ ጊዜ ሥራ የያዙ ሴቶች ቁጥር ከሌላው በበለጠ ጨምሯል። አሮጌው ሕግ ለባል ሚስቱ ከቤት ውጭ እንዳትሠራ የመከልከል ሥልጣን ይሰጠው ነበር። በወረቀት ላይ ያለ አንድ አንቀጽ መሰረዙ የገበያውንና የፋብሪካውን ደጃፍ አሰፋው።

መሬትም እንዲሁ ነው። በ1990ዎቹ የገጠር መሬት ይዞታ ሲመዘገብ በአማራ ክልል የይዞታ ደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስም ሰፈረ፤ የሁለቱም ፎቶግራፍ ተለጠፈ። በትግራይ ቀድሞ በተሰጠው የምስክር ወረቀት ላይ ግን የሰፈረው የቤተሰቡ ኃላፊ ስም ነበር። ሁለቱም ክልሎች ሴት የመሬት መብት አላት ብለዋል። ነገር ግን ፍቺ ሲመጣ ፎቶዋ ያለበት ደብተር የያዘችና የሌላት ሴት በሽማግሌ ፊት እኩል አይቆሙም። «ቅጹ ላይ ስንት ስም ይጻፍ?» የሚለው ጥያቄ ተራ የጽሕፈት ቤት ጉዳይ ይመስላል፤ የሴቲቱን ቀሪ ዕድሜ የሚወስን ግን እሱ ነው።

የዕውቀቱ መንገድ ሁሌም ቀና አልነበረም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በሴቶች መብት ላይ እንዳይሠሩ ከለከለ። የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ጨምሮ ብዙዎች አገልግሎታቸውን አጠፉ ወይም አጠበቡ። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. እስኪተካ ድረስ አሥር ዓመት አለፈ። በዚያ መሐል ነጻ የሕግ ምክር ፈልጋ መጥታ በሩን ዝግ ያገኘች ሴት ያጣችውን ማንም አይመልስላትም። የተጀመረውም አላለቀም። የ1996ቱ ሕግ አስገድዶ መድፈርን የሚተረጉመው ከጋብቻ ውጭ የሚፈጸም አድርጎ ነው፤ ባል ሚስቱን ቢደፍር በዚህ አንቀጽ አይጠየቅም።

ሙሽሮቹ ልጆች

ከዩኒቨርሲቲ ወደ ገጠር የሚወርድ ጥናት ሌላም ነገር ያስተምራል፦ ሰዎች ለሚያደርጉት ነገር ምክንያት አላቸው። የአንትሮፖሎጂ ምሁሯ ጉዳይ እምሬ በምዕራብ ጎጃም ሜጫ ወረዳ ያለዕድሜ ጋብቻ በልጃገረዶች ትምህርት ላይ የሚያሳድረውን ጫና አጥንተዋል። ልጁን የሚድር አባት ጨካኝ ስለሆነ ብቻ አይድርም። ልጄ ሳታገባ ከቆየች ትጠለፍብኛለች ወይም ስሟ ይጠፋል ብሎ ይፈራል። ከዘመድ ጋር ሊቆራኝ፣ ሳይሞት ወግ ሊያይ ይፈልጋል። ከተማ ተቀምጦ «ኋላ ቀር» ብሎ የሚሰድበው ሰው ይህን ፍርሃት አይነካውም።

በዚያው በአማራ ክልል ሞሰቦ በምትባል የገጠር ቀበሌ የተሞከረው «ብርሃን ለሔዋን» ፕሮግራም ከዚህ መረዳት ተነሳ። ልጃገረዶች ተሰባስበው ይማራሉ፤ ለሚማሩት የጽሕፈት መሣሪያ ይሟላል፤ ማኅበረሰቡ በጋራ ይወያያል፤ ልጁን ሳይድር ለሁለት ዓመት ላቆየ ቤተሰብ በግ ይሰጠዋል። በግምገማው ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ከንጽጽሩ ቀበሌ ልጆች ይልቅ ትምህርት ቤት የመገኘት ዕድላቸው ጨመረ፤ የመዳራቸው ዕድል በእጅጉ ቀነሰ። ከ15 እስከ 19 ያሉት ግን ይልቁንም በብዛት አገቡ። የሥርዓተ ፆታ ተማሪ ሁለቱንም ውጤት እኩል እንዲያይ ይጠበቅበታል። ጋብቻው ለትንንሾቹ ተገፍቷል፤ ወላጅ ልጅቷ ከፍ ስትል ከትዳር ሌላ የሚያሳያት መንገድ ግን ገና አልተከፈተም። በግ ጊዜ ይገዛል፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱና ሥራው ካልተከተለው የተገዛው ጊዜ ያልቃል። በ2008ቱ ዳሰሳም ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 24 ከሆኑ ሴቶች 40 በመቶዎቹ 18 ዓመት ሳይሞላቸው ያገቡ ነበሩ።

ግቢው ራሱ ሲጠና

ከገጠር ተነስታ ዩኒቨርሲቲ የደረሰች ልጅ ብዙ ወንፊት አልፋለች። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥርዓተ ፆታ ምሁሯ እመቤት ሙሉጌታ ከገጠር የመጡ ሴት ተማሪዎች የሚገጥሟቸውን ችግሮችና የሚቋቋሙባቸውን ዘዴዎች አጥንተዋል። ሴቶች በትንሽ ዝቅ ባለ ነጥብ እንዲገቡ የፈቀደው ድጋፍ በሩን ከፍቷል። ገብታ ግን «በኮታ የገባች» የሚለው ቃል ይጠብቃታል። የንጽህና መጠበቂያ መግዣ የላትም፤ ማታ ከቤተ መጻሕፍት ወደ ዶርም የሚወስደው መንገድ ጨለማ ነው፤ ውጤት በእጁ ያለ መምህር «ቢሮ ነይ» ሲላት ማንን እንደምታማክር አታውቅም።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ተማሪዎችና መምህርታቸው ብሌን ሳህሉ በ2004 ዓ.ም. «የሎው ሙቭመንት»ን ሲጀምሩ ያነሳሳቸው የበረራ አስተናጋጇ አበራሽ ኃይላይ በቀድሞ ባሏ እጅ ዓይኗን ማጣቷ ነበር። ወጣቶቹ ግቢው ውስጥ ጠረጴዛ አውጥተው አላፊ አግዳሚውን አወያዩ፤ አበባ ሸጠው ለተቸገሩ ሴት ተማሪዎች ገንዘብ አሰባሰቡ። በክፍል የተማሩትን ወደ ደጅ አወጡት።

ወንዶችም ይህን ትምህርት ይማራሉ፤ ጓደኞቻቸው «አንተ እዚያ ምን ትሠራለህ?» ይሏቸዋል። መልሱ በሰሌዳው ላይ ባለው የባል ወገን ይገኛል። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ተብሎ ያደገ፣ ቤተሰብ ማብላት ሲያቅተው ከሰው ዓይን የሚሸሸግ፣ ሕመሙን ሐኪም ፊት የማይናገር ወንድም የዚሁ ሥርዓት ልጅ ነው።

የሚከብደው ርዕስ

በምዕራቡ ዓለም የዘርፉ ስም ብዙ ጊዜ ወሲባዊነትን ይጨምራል። በእኛ አገር ርዕሱ ወደ ክፍል የሚገባው በአብዛኛው በሥነ ተዋልዶ ጤና በኩል ነው። የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 የሚያስቀጣ በመሆኑ፣ ሃይማኖቱና ማኅበረሰቡም አጥብቀው ስለሚቃወሙት፣ ጉዳዩን በግልጽ ማጥናት እጅግ አስቸጋሪ ነው።

ሆኖም ዝምታን መስበር ነፍስ ያተረፈበትን አጋጣሚ እናውቃለን። ፅንስ ማቋረጥ ፈጽሞ በማይነገርበት ዘመን ሴቶች በጓዳ በሥርና በሽቦ እየሞከሩ ይሞቱ ነበር። ሐኪሞችና ተመራማሪዎች ሬሳውን ቆጥረው ለሕግ አውጪው አቀረቡ። የ1996ቱ ሕግ የመከልከል መርሑን ሳይለቅ፣ በመደፈር ወይም በቅርብ ዘመዳሞች መካከል ለተፈጠረ እርግዝና፣ የእናት ሕይወት ወይም ጤና አደጋ ላይ ሲወድቅና በመሳሰሉት ሁኔታዎች ፈቀደ፤ ለተደፈረችዋም ቃሏ በቂ እንዲሆን ደነገገ። 100,000 ሕፃናት በሕይወት ሲወለዱ የሚሞቱት እናቶች በ1992ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ 871 ነበሩ፤ በ2008ቱ 412 ሆኑ። ለዚህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ጤና ጣቢያዎችና ሌሎችም ምክንያቶች ድርሻ አላቸው። ሁሉም ግን የሚጀምሩት እናት በምን ሞተች ብሎ በመጠየቅ ነው።

«ከውጭ የመጣ ነው»

በዘርፉ ላይ የሚነሳው ትልቁ ክስ ይህ ነው። ክሱን በአክብሮት መመለስ ይገባል፤ የሚያነሱት ሰዎች ባህላቸውን የሚወዱ ናቸውና። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረት ከውጭ አልመጣም። ምሁሩ ጄይላን ወልዬ ሁሴን በአፍሪካ ምሳሌያዊ አነጋገሮች ውስጥ ወንድነትና ሴትነት እንዴት እንደሚቀረጹ ሲያጠኑ ያሳዩት፣ እነዚህን ንግግሮች በየቀኑ የምንደጋግማቸው እኛው መሆናችንን ነው። የሚጠናው የእኛ ሕይወት ከሆነ ጥያቄውም የእኛ ነው። ፊዚክስን ከውጭ ነው ብለን አልመለስነውም።

ባህላችን ለክሱ ብቻ ሳይሆን ለመልሱም ማስረጃ አለው። እቴጌ ምንትዋብ አገር መርተዋል፤ እቴጌ ጣይቱ አድዋ ዘምተዋል። የሥርዓተ ፆታ ታሪክ ተመራማሪ እነዚህን ስሞች ከማወደስ አልፎ ስንቅ ያዘጋጁትን፣ ውሃ የተሸከሙትንና ቁስለኛ ያነሱትን ስማቸው ያልተጻፈ ሴቶች ይፈልጋል። ሠራዊት ሳይበላ አይዋጋም። የድሉን ታሪክ ሙሉ ማድረግ ባህልን ማፍረስ ሊባል አይችልም።

ዛሬ ትልቁ አደጋ ትምህርቱ ለብቻው ጥግ ይዞ መቅረቱ ነው። ጥቂት ተማሪዎች ሥርዓተ ፆታ ያጠናሉ፤ የቀሩት «የሴቶች ነገር» ብለው ያልፉታል። ነገር ግን የውሃ መሐንዲስ ቧንቧውን የት እንደሚተክል ሲወስን የልጃገረዶችን የትምህርት ሰዓት እየወሰነ ነው። የግብርና ባለሙያ አባወራዎችን ብቻ ሰብስቦ ስለ ዘር ቢያስተምር፣ ዘሩን መርጣ የምታስቀምጠው ሚስት አልሰማችም። ሐኪም፣ ዳኛ፣ መምህር፣ ፖሊስ፣ በጀት የሚያወጣው የፋይናንስ ሠራተኛ፣ ሁሉም በየቀኑ በወንድና በሴት መካከል ይወስናሉ፤ አብዛኞቹ እየወሰኑ መሆናቸውን ሳያውቁ።

ስለዚህ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የ24 ሰዓቱን ሠንጠረዥ ወደ ምህንድስናው፣ ወደ ሕክምናው፣ ወደ ሕጉና ወደ ግብርናው ክፍል ይውሰዱት። ለተመራማሪዎቹ ገንዘብና ነጻነት ይስጡ፤ ደስ የማይል ውጤት ይዘው ሲመጡም ያድምጧቸው። ቢሮዎችም ቅጽ ሲያዘጋጁ «ይህ ቅጽ ማንን ይረሳል?» ብለው የሚጠይቁ ምሩቃንን ይቅጠሩ። በ1952ቱ ሕግ በ15 ዓመቷ ለትዳር ትደርስ የነበረችው ልጅ ዛሬ በሕግ ፊት ሕፃን ተብላ የምትጠበቀው፣ አንዳንድ ሰዎች የሁሉንም ስምምነት ሳይጠብቁ ስለጠየቁ ነው። የቀሩትን ጥያቄዎች የሚጠይቁልንን ወጣቶች ማስተማር አገር የማሳደግ ሥራ ነው፤ ከመንገድና ከግድብ እኩል ሊታሰብበት ይገባል።